ጀበናና በርጩማ፦ ለትንንሽ ልጆች ስለምናካፍለው ግጥም

(ለወላጆችና ለኬጂ መምህራን የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንዴት ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ልጅ ይዞ፣ ታክሲ ተጋፍቶ እዚህ መድረስ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ልጆቹ ከኋላ ምንጣፉ ላይ ይጫወቱ። ቢጮሁም ችግር የለም። 19 ዓመት ኬጂ ሳስተምር ጫጫታውን ለምጄዋለሁ።

ከመጀመሬ በፊት ትንሽ ላስቸግራችሁ። እኔ ላውጣ፣ እናንተ ተቀበሉኝ። አበባየሆሽ!

(ታዳሚው፦ «ለምለም!»)

አያችሁ? «ምን ልበል?» ያለ ሰው የለም። ከኋላ ከምንጣፉም ላይ አንድ ቀጭን «ለምለም» ሰምቻለሁ። እንቀጥል።

እንጨት ሰብሬ — ለምለም
ቤት እስክሠራ — ለምለም
እንኳን ቤትና — ለምለም
የለኝም አጥር — ለምለም
እደጅ አድራለሁ — ለምለም
ኮከብ ስቆጥር — ለምለም

እዚህ ላይ እናቁም። እኔ ይህን ዘፈን ከ5 ዓመቴ ጀምሮ ዘፍኜዋለሁ። መስከረም 1 ጠዋት አዲስ ቀሚሴን ለብሼ፣ አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዤ፣ ከሰፈሬ ልጆች ጋር በየበሩ ቆሜ። ቃሉን ከልቤ ያዳመጥኩት ግን አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። አንድ ዓመት ልጆቹን ለበዓሉ ሳለማምድ ቃሉን በሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ጽፌ ሳነበው እጄ ቆመ። ይቺ ልጅ እኮ ቤት የላትም! አጥር እንኳ የላትም። እንጨት ሰብራ ቤት እስክትሠራ ድረስ ውጭ ነው የምታድረው። እንቅልፍ እንቢ ሲላት ኮከብ ትቆጥራለች።

ይህ የሚዘፈነው ከዓመቱ ቀናት ሁሉ ደስ በሚለው ቀን ነው። በሚያስጨፍር ዜማ፣ በጭብጨባ። ማንም እናት «ይህ ለልጅ ይከብዳል» ብላ ልጇን ስትከለክል አላየሁም። ልጆቹም አልቅሰው አያውቁም። እየዘፈኑ ያቺን ልጅ ይዘዋት ይዞራሉ። ዳቦም ብርም ይሰበስባሉ።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። የጥንቶቹ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው የልጆች ገጣሚዎች፣ ጨዋታውንና ቁም ነገሩን ለያይተው አላስቀመጡም። አንድ መሶብ ላይ ነው ያቀረቡት። እኛ ግን ለያየነው። ለልጅ የሚያስቀውን ብቻ አስቀረንለት። የቀረውን ቁም ነገር ደግሞ ምክር አደረግነው።

መጀመሪያ ስለዚያች «ለምለም» ስለምትባል አንዲት ቃል ላውራ። በጣም ነው የምትገርመኝ። የ2 ዓመት ልጅ ሙሉ ግጥም መያዝ አይችልም። «ለምለም» ማለት ግን ይችላል። በቡሄ ደግሞ «ሆ!» ማለት ይችላል። ይቺን አንድ ቃል ከያዘ ከ10 ዓመት ልጆች ጋር እኩል ዘፋኝ ነው። ቃሉ በሰዓቱ ካልገባ ዘፈኑ ይሰናከላል፤ ስለዚህ የሱ ድርሻ የምር ድርሻ ነው። ይህን ያሰበ ሰው ልጅን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ለክፍሌ ግጥም ስመርጥ ሁልጊዜ የማየው ይህንን ነው። ትንሹ ልጅ የሚገባበት በር አለው ወይ?

እህቴ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ልጇ 4 ዓመት ሊሞላት ነው። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም። አያቷ በስልክ ሲያነጋግሯት ዝም ነው የምትል። አያትየዋ ይከፋቸዋል፣ ልጅቷም ታፍራለች። ባለፈው እንቁጣጣሽ በቪዲዮ ስንደዋወል እናቴ «ደህና ነሽ ወይ?» ማለቱን ትተው በቀጥታ «አበባየሆሽ!» አሉ። ልጅቷ «ለምለም!» አለች። ደግመው አሉ፣ ደግማ አለች። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። አያትና የልጅ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ያህል አወሩ። ያወሩት በአንድ ቃል ነው።

አሁን ደስ ወደማይለኝ ነገር ልግባ።

የኬጂ የዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይ ተገኝታችሁ ታውቃላችሁ። እኔም እዚያው መድረክ አጠገብ ቆሜ ልጆቹን ስገፋ ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ የምናገረው ስለራሴም ነው። ልጆቹ ይሰለፋሉ። ወላጅ ስልኩን ያወጣል። ከዚያ ሁለት ዓይነት ነገር እንሰማለን። አንደኛው የእንግሊዝኛ መዝሙር ነው። ዝናብን «ሂድልኝ፣ ሌላ ቀን ና» የሚለውን ታውቁታላችሁ። ዜማው ደስ ይላል፤ እንግሊዝኛ መማራቸውንም አልቃወምም። ግን ዝናብ ሲዘገይ ምህላ በሚያዝበት አገር ነው ልጆቻችን ዝናቡን ሂድ የሚሉት። ቃሉን ስለማያውቁት ምን እንዳሉ አያውቁም። እኛም ዜማውን ብቻ ነው የምናጨበጭብለት።

ሁለተኛው በአማርኛ የሚቀርበው ግጥም ነው። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው። እጅህን ታጠብ። ትምህርትህን አጥና። ወላጅህን አክብር። አገርህን ውደድ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ማንም ወላጅ የሚመኘው ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ። ነገር ግን አንድ ቀን ልብ ብላችሁ እዩ። ልጁ እነዚህን ሲል ፊቱ ምንም አይል። ሰውነቱ ቀጥ ይላል። ዓይኑ እኛን ያያል፣ «በትክክል አልኩ?» ብሎ። የራሱ የሆነ ነገር እየተናገረ አይደለም። የኛን ትእዛዝ በዜማ እየመለሰልን ነው።

ያንኑ ልጅ «ጨረቃ ድምቡል ቦቃ፣ አጤ ቤት ገባች አውቃ» ሲል እዩት። «ድምቡል ቦቃ» ላይ ጉንጩ ይሞላል። ከንፈሩ ይፈነዳል። ቃሏ አፍ ውስጥ ትንከባለላለች። ቦቃ ማለት ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ላም ናት። ጨረቃዋ ከጥቁሩ ሰማይ መሃል እንደ ቦቃ ላም ግንባር ነጭ ብላ ታየችው ማለት ነው፣ መጀመሪያ ያለው ሰው። ይህን የነገርኳችሁ ለእናንተ ነው። ለልጅ አልነግርም፣ ካልጠየቀኝ በስተቀር። ትርጉሙ ከድምፁ ኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል። ኮከብ የምትቆጥረው ልጅም ለኔ እንዲሁ 20 ዓመት ቆይታ ነው የመጣችው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ልጅን ገና በልጅነቱ በሐዘን ለምን እናስጨንቀዋለን? ሲያድግ ይደርስበት የለ?» ጥያቄው ከፍቅር ነው የሚመጣው፣ አከብረዋለሁ። መልሴን በአንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ኬጂ 2 አስተምር ነበር። አርብ ከምሳ በፊት የእንቆቅልሽ ሰዓት አለን። ክብ ሠርተን ምንጣፍ ላይ እንቀመጣለን።

«እንቆቅልሽ!» አልኩ።

«ምን አውቅልሽ!»

«ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።»

የኬጂ ልጅ አገር ለመስጠት አይሳሳም። አንዷ ገና ሳታስብ ባሕር ዳርን ሰጠችኝ። ሌላው ሐዋሳን ጨመረልኝ። እኔ ልቀበል ስል አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ያ ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ እጁን አውጥቶ አያውቅም። ምሳውን አይጨርስም። ከጓደኞቹም ተነጥሎ ነው የሚቀመጠው።

«አያቴ» አለ።

ልጆቹ ሳቁ። ከዚህ በፊት የሰሙት «ጤዛ ነው! ጤዛ ነው!» እያሉ ጮሁ። እኔ ግን ደንግጬ ቀረሁ። እናቱ ቀደም ብላ ነግራኛለች። አያቱ አርፈዋል። እሱ ትምህርት ቤት ባለበት ቀን ነው ያረፉት። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ጎረቤት ወሰዱት፣ ለቅሶው እስኪያልፍ እዚያ ከረመ። ሲመለስ «አያትህ ለሕክምና ውጭ አገር ሄደዋል» ተባለ። ይህን የሚያደርግ ቤተሰብ ብዙ ነው። ክፋት የለውም፤ መርዶ ለትልቅ ሰውም ቢሆን ጊዜ ተመርጦ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። ልጁ ግን ጠዋት ሲሄድ አያቱ ነበሩ። ሲመለስ የሉም። የእንቆቅልሹ ቃል አንድ ሳይቀር የሱ ቀን ነበር።

«ልክ ነህ» አልኩት። «አያትም ይሆናል።»

ሌላ ነገር መናገር አልቻልኩም፣ ደግሞም ጥሩ ሆነ። ምክንያቱም ዝም ስል ልጆቹ ሳቃቸውን አቆሙ። ከዚያ አንዷ «የኛ ድመት» አለች። ጠፍታባት ነበር። ሌላው «የድሮ ሰፈራችን» አለ። ቤታቸው ፈርሶ ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ ናቸው። አንዲት ትንሽ ልጅ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማዬ፣ አረብ አገር ናት» አለች። ምሳ ደወል ተደወለ። ያን ቀን ጤዛ የምትለው መልስ የት እንደገባች አላስታውስም።

እናንተ ልጅ ሐዘን የማያውቅ ይመስላችኋል። ልጅ ሐዘኑ አለው። ያጣው ቃሉን ነው። እኛ አልሰጠነውም። ያ ልጅ ለሁለት ሳምንት ሲፈልገው የነበረውን ቃል ያገኘው ከጨዋታ ውስጥ ነው። ያውም ስለ ጤዛ ከሚያወራ ጨዋታ። እሱን ለማጽናናት ብዬ ያመጣሁት ነገር አይደለም። ቢሆንማ ኖሮ ገና ስጀምር ይሸሸኝ ነበር።

ለነገሩ ይህ የሚጀምረው ከአንቀልባ ነው። እሹሩሩን አስቡት። ልጅ እንዲተኛ የምንዘፍነው ዜማ እናቱን «ቶሎ ነይለት» እያለ የሚጠራ ነው። እናት የለችም ማለት ነው። ሥራ ሄዳለች፣ ገበያ ሄዳለች፣ ወይ ርቃ ሄዳለች። የልጁን ትልቅ ፍርሃት በለሆሳስ እየነገርነው ነው የምናስተኛው። ይተኛልም። ድብብቆሽ ሲጫወቱ ደግሞ ስሙ። «ኩኩሉ!» ይላል ፈላጊው እንደ ዶሮ። «አልነጋም!» ይላሉ ተደባቂዎቹ። ሌሊት ነው፣ ጨለማ ነው፣ ገና አልነጋም። ጨለማ የሚፈራ ልጅ በቀን ፀሐይ ጨለማን ሲጫወትበት እንዴት ደስ እንደሚለው አይታችኋል?

ይህን ስል ያገኙትን ከባድ ግጥም ሁሉ ለልጅ አንብቡለት ማለቴ አይደለም። እኔ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። በሐዘን ላይ ነበርኩ። የምወደውን አንድ ረጅም የትልቅ ሰው ግጥም ለ5 ዓመት ልጆች አነበብኩላቸው። በመሃሉ አንዲት ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ምኑም አልገባትም፤ ያለቀሰችው ድምፄ ስላስፈራት ነው። ያ ግጥም ለኔ ነበር የሚያስፈልገኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ መለኪያ ይዣለሁ። ግጥሙ ውስጥ ልጁ እጁን የሚያሳርፍበት የሚጨበጥ ነገር ይፈለጋል። በር፣ ድመት፣ ኮከብ፣ ዳቦ። «ሕይወት»ና «ሞት» የሚሉ ቃላት ብቻቸውን ለልጅ ባዶ ክፍል ናቸው። ደም ያለበትንና የጦርነቱን ደግሞ እተወዋለሁ። እሱን ከቤት የሰማ ልጅ ካለ ለብቻው አነጋግረዋለሁ።

አሁን ወደ ጨዋታው። ከዚህ ክፍል ስትወጡ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ብትይዙ ደስ ይለኛል፤ ነገ ጠዋት ቁርስ ላይ የሚሠራ ነው።

እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጉና ከኔ ጋር ምቱ። አራት፣ አራት።

እዚያ ማዶ — ጭስ ይጨሳል
አጋፋሪ — ይደግሳል
ያችን ድግስ — ውጬ ውጬ
ከድንክ አልጋ — ተገልብጬ

በእያንዳንዱ ግማሽ ስንኝ አራት ምት ቁጠሩ። እ-ዚያ-ማ-ዶ። ጭስ-ይ-ጨ-ሳል። የግጥም ምሁራን ይህን ልክ ስም አውጥተውለታል፤ «ቡሄ በሉ» ነው የሚሉት። ነሐሴ 13 ጅራፉን አስቀምጠው፣ በትራቸውን መሬት እየመቱ በየደጁ የሚዞሩት ልጆች ናቸው ስሙን ያበረከቱት። አገሪቱ ውስጥ ስንት ሊቅ እያለ አንድ የግጥም ልክ በልጆች ጨዋታ ተጠራ። እኔን ይህ ያኮራኛል። ደግሞ ቃሉን እዩት። ጭሱ እዚያ ማዶ ነው። ድግሱም እዚያ ማዶ ነው። ልጁ እዚህ ቆሞ ጭሱን እያየ ነው የሚበላው።

ይህ ልክ የእርምጃ ልክ ነው። ልጅ ሲሄድ፣ ገመድ ሲዘል፣ እንጀራ ሲቆርስ ምቱ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ እናንተም መግጠም ትችላላችሁ። አዎ፣ እናንተ! «እኔ ገጣሚ አይደለሁም» የሚል ወላጅ ሁሉ ልጁን ሲያቆላምጥ ሰምቼዋለሁ። እኔ አንድ ጠዋት ቡና ሲገነፍልብኝ የገጠምኩትን ልንገራችሁ።

ጀበናዋ ተናደደች፣
ቱፍ ቱፍ ብላ ገነፈለች።
ስኒው ፈርቶ «ምነው?» አለ፣
«እግሬ» አለችው «ተቃጠለ!»

ይኸው ነው። ክፍል ውስጥ «ቱፍ ቱፍ» የሁሉም ድርሻ ነው። የ3 ዓመቱም ይላታል። «እግሬ!» ሲባል ሁሉም አንድ እግሩን ያነሳል። አንድ ሳምንት ሙሉ አይሰለቻቸውም። ከዚያ ራሳቸው መለወጥ ይጀምራሉ። ድስቷ ተናደደች። ሽሮዋ ተናደደች። አንዱ «ቲቸር ተናደደች» ብሎ አመጣ። ቤት መምታቱን ማንም አላስተማራቸውም፤ ጆሯቸው ነው የሚፈልገው። ቤት ካልመታ ፊታቸውን ያኮማትራሉ፣ ጨው የሌለው ምግብ እንደበላ ሰው።

ቤታችሁ ስትሞክሩት ሦስት ነገር አደራ።

በቃላችሁ በሉላቸው። መጽሐፍ መያዙ ጥሩ ነው፣ ግን አንዳንድ ቀን መጽሐፉን አስቀምጡና ዓይን ዓይናቸውን እያያችሁ በሉ። አባባ ተስፋዬን አስታውሱ። ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ብለው ልጆችን ሲቀበሉ፣ መስታወቱ ውስጥ ሆነው እንኳ አንተን ብቻ የሚያዩ ነበር የሚመስሉት። እኔ በልጅነቴ ቴሌቪዥን ጎረቤት ሄጄ በመስኮት ነበር የማየው። ሰላምታቸውን ቆሜ እመልስ ነበር።

ከዚያ ድገሙት። ልጅ «እንደገና!» ሲል እኛ እንደክማለን። አዲስ ነገር እናምጣለት እንላለን። ልጁ ግን አዲስ አልጠየቀም። መጀመሪያ ሲሰማ ዜማውን ይይዛል፣ ሲደገም ቃሉን፣ በአምስተኛው ደግሞ ያቺን «ለምን?» የምትል ጥያቄ ያመጣል። አምስተኛው ላይ ካልደረሳችሁ ጥያቄዋ ትቀራለች።

ሦስተኛው ለኛ ለመምህራን ይከብደናል። ግጥሙ እንዳለቀ ጥያቄ አትጠይቁ። «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» የምትለዋን ተዉአት። እኔ ስንት ግጥም በዚች ጥያቄ እንደገደልኩ ብታውቁ! ልጁ አሁን ገና ኮከብ እየቆጠረ ነው። እኛ ከሰማይ አውርደን ሰሌዳ ፊት እናቆመዋለን። የጥንቱ ቅኔ ቤት እንኳ በዚህ የተሻለ ነበር። ተማሪው በሁለት ስንኝ ነው የሚጀምረው፣ በጉባኤ ቃና። ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ በልቡ ይሠራል ማለት ነው። ከዚያ ሄዶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያቃናለታል። ነገ ደግሞ ሌላ ይቆጥራል። መጀመሪያ መሥራት ነው። የኛ ልጆች ግን ገና ሳይሠሩ ነው ተንትኑ የሚባሉት።

ዝም በሉ፣ ግጥሙ ሲያልቅ። ሦስት ያህል ትንፋሽ። ዝምታው መጀመሪያ ላይ ይጨንቃል። ልጆቹ ግን አይጨንቃቸውም።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። ታሪኩ አላለቀም።

ያን አርብ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ለእናቱ ደውዬ የሆነውን ነገርኳት። ብዙ አለቀሰች። በሳምንቱ መጨረሻ ከባሏ ጋር ሆነው አስቀምጠው እውነቱን ነገሩት። እንዴት እንደነገሩት የነሱ ነው፣ አልጠየቅኩም። ሰኞ ሲመጣ ያው ዝም ያለ ልጅ ነው። ሐዘን በአንድ ቀን አይወጣም።

እኔ በዚያ ሳምንት አራት ስንኝ ጻፍኩ። ይህኛው በስድስት በስድስት ምት ነው፣ የወል ቤት በሚሉት። ዘገም ይላል። የትልቅ ሰው አካሄድ ነው። ስሙን አልጠራሁም፣ ሞት የሚለውንም ቃል አላስገባሁም። በሚቀጥለው አርብ፣ ከጀበናዋ ቀጥሎ፣ ገና ከሳቃቸው ሳይወጡ አልኩላቸው።

የአያቴ በርጩማ አሁንም በር ላይ ነው፣
ፀሐዩ መጣና ማንም ሰው አልሞቀው።
ድመቷ ዞረችው፣ ሥሩ ተጠቅልላ፣
ጠበቀች ጠበቀች፣ ቁርሷንም ሳትበላ።

ዝም አልኩ። እነሱም ዝም አሉ። አንዱ ጫማውን ይነካካል። ልጁን ላየው ፈራሁ።

«ቲቸር» አለች አንዷ፣ «በኋላስ በላች?»

«ምን ይመስልሻል?» አልኳት።

ከዚያማ ክፍሉ ተነሳ። «ወተት እንስጣት!» «ወተት ሞቅ ተደርጎ!» «እኔ ከምሳዬ እንቁላል አለኝ!» አንዱ ድመት ሽሮ ትበላለች ብሎ ተሟገተ። አንዷ ደግሞ ከሥር ወጥታ ሌላ ቤት ትሂድ አለች። ይህኛውን ብዙዎቹ አልወደዱትም። ተጨቃጨቁ። እኔ መሃላቸው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

እጁን አላወጣም። ከተቀመጠበት ነው የተናገረው።

«በርጩማው ላይ ትውጣ» አለ። «ፀሐዩ እዚያ ነው ያለው።»